ከመንዝ የመጣው ጦስኝ ሱሉልታ ላይ መዓዛው ለምን ደከመ?

ጠያቂ፦
ከሁለት ዓመት በፊት ከመንዝ ጭንጫ መሬት ከነሥሩ ነቅዬ ያመጣሁትን ጦስኝ፣ ሱሉልታ በሚገኘው ግቢዬ ከአጥሩ ባሕር ዛፍ ሥር ተክዬ፣ ፍግም ውሃም ሳላጓድልበት አሳድጌዋለሁ። አሁን ቅጠሉ ሰፍቶ ለምልሟል፤ ሻይ ላይ ሲጨመር ግን በአገሩ ሳለ ሲረገጥ እንኳ ያውድ ከነበረው መዓዛ ሩቡም የለውም። ምክንያቱ የከፍታው ለውጥ ነው ወይስ የእኔ አያያዝ?

መልስ 1፦
ከፍታው ብቻ አይመስለኝም። የጦስኝ ዘይት የሚጠራቀመው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። አፈሩ ስስ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ደጋ ተክሉ ቅጠሉን አሳንሶ ስለሚኖር ከረጢቶቹ ይጠጋጋሉ፤ ፍግና ውሃ ሲበዛለት ግን ቅጠሉ ይሰፋል እንጂ ዘይቱ በዚያው ልክ አይጨምርም። ጥላው ደግሞ ዘይቱ የሚሠራበትን ምግብ ይቀንስበታል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ባሕር ዛፉን ነው።

መልስ 2፦
ይህ ስለ ዘይቱ መጠን እውነት ነው፤ የዘይቱ ዓይነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሞንፔልዬ አካባቢ የሚበቅለው የዱር ጦስኝ (ለእኛው ዘመድ ነው እንጂ አንድ ዝርያ አይደለም) በዘይቱ ስድስት ወገን አለው፤ ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉትን የዘይት ንጥረ ነገሮች የሚያመርቱት ሞቃትና ደረቅ ተዳፋቱን ሲይዙ፣ እንደ ሊናሎል ያለውን ሌላ ንጥረ ነገር የሚያመርቱት ብርዱ በሚጠናበት ሸለቆ ይበዛሉ። ወገኑ የሚወሰነው በዘር ስለሆነ ተክሉ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ቢተከልም አይለወጥም፤ አካባቢው ሥራውን የሠራው ለብዙ ትውልድ የማይስማማውን እያጠፋ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጦስኝ ዓይነቱን የለወጠ አይመስለኝም። መቼ እንደሚለቅሙትና እንዴት እንደሚያደርቁት ግን አልነገሩንም፤ ዘይቱ በአብዛኛው የሚበረታው ሲያብብ ነው፣ የፀሐይ ሙቀትም ያተነዋል።

ጠያቂ፦
እውነት ነው፣ አልጠቀስሁትም። የምለቅመው በዝናቡ መሐል፣ ሳያብብ ነበር፤ የማደርቀውም ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ ነው። ግማሹን ፀሐይ ወደሚያገኘው የድንጋይ ካብ ያለ ፍግ አዛውሬ፣ ግማሹን ባለበት እተወዋለሁ፤ ሁለቱም ሲያብቡ ለቅሜ፣ በጥላ አድርቄ፣ ሻዩን ለየብቻው አፈላለሁ።

መልስ 1፦
መልካም አስበዋል። ካቡ ላይ የሚተክሉትን ግን ሥሩ እስኪይዝ ድረስ ውሃ አይከልክሉት።