ለ2000 ሴል 2000 ሊስነር ወይስ አንድ?

ጠያቂው፦ ጓዶች፣ በጃቫስክሪፕት 2000 ሴል ያለው ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ። ማውሱ ያረፈበት ሴል ከነረድፉ ይቀልማል። እያንዳንዱ ሴል የራሱ ሊስነር (ማውሱ ሲመጣ የሚሠራ ኮድ) አለው። ማውሱን ፈጠን ሳደርገው ግን ቀለሙ እየተጎተተ ነው የሚከተለኝ። ባልደረባዬ «ሁሉንም አጥፋና ሠንጠረዡ ላይ አንድ ሊስነር ብቻ እሰር» ይለኛል። ልክ ነው?

አንድ ይበቃል፦ ልክ ነው እንጂ! ኢቨንቱ (ማውሱ የፈጠረው ክስተት) ከሴሉ ተነስቶ ወደ ላይ፣ ሴሉን ወደያዘው ሠንጠረዥ ስለሚወጣ ሠንጠረዡ ላይ ትቀበለዋለህ። የትኛው ሴል እንደሆነ ወደ ላይ እየሄደ ቅርቡን በሚፈልገው «ክሎዘስት» ታገኘዋለህ። አዲስ ረድፍ ሲጨመርም ሊስነር ማሰር ቀረልህ።

መጀመሪያ ለካ፦ ቆይ ቆይ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሊስነር ማውስ አያዘገይም። ወንድሜ፣ ውስጡ ምን እየሠራህ ነው?

ጠያቂው፦ ማውስሙቭ (ማውሱ ሲንቀሳቀስ የሚነሳ ኢቨንት) በመጣ ቁጥር የሁሉንም ሴል ቀለም አጠፋለሁ፣ የሴሉን ቦታ እለካለሁ፣ ከዚያ እቀባለሁ።

መጀመሪያ ለካ፦ ይኸው! ስታይል ቀይረህ ወዲያው ስትለካ ብሮውዘሩ ስታይሉን፣ ሲያስፈልግም አቀማመጡን፣ እዚያው እንዲያሰላ ታስገድደዋለህ። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለአንድ ፍሬም (ለአንዱ እድሳት) ያለህ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ 2000 ሴል ታጥባለህ! ያለፈውን ሴል በቫሪያብል ያዝ። ሴሉ ካልተቀየረ ምንም ሳትነካ ተመለስ።

አንድ ይበቃል፦ እሺ፣ ግን ማውስሙቭ ይበዛል። 100 ሚሊሰከንድ ትሮትል ይደረግበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአንዴ በላይ አይሥራ።

መጀመሪያ ለካ፦ 100 ካልክማ ቀለሙ እንደ ሰካራም ይከተለዋል። ክሮም ከ60ኛው ስሪት ጀምሮ ማውስሙቭን ከፍሬሙ ጋር አስማምቶ ነው የሚያደርሰው። ደግሞ እዚህ ማውስሙቭ ለምን አስፈለገ? ማውስኦቨር ከሴል ወደ ሴል ሲታለፍ ብቻ ይመጣል።

አላፊ አግዳሚ፦ ሊስነሩን ፓሲቭ (ስክሮል እንደማያግድ አስቀድሞ የሚያሳውቅ) ቢያደርገውስ?

መጀመሪያ ለካ፦ እሱ ለዊል (ለማውስ ጎማ) እና ለተች (ለጣት ንክኪ) ነው። ማውስሙቭ ስክሮል አያግድም።

ጠያቂው፦ ሞከርኩት። 2000ዎቹን ሊስነሮች ሳልነካ ያለፈውን ሴል ብቻ መያዝ ጀመርኩ፤ መጎተቱ ጠፋ!

አንድ ይበቃል፦ ቢሆንም አንድ አድርገው። ነገ ረድፍ ስትጨምር ታስታውሰኛለህ።

ጠያቂው፦ አደረግኩት፣ ግን በማውስኢንተር። አሁን ጭራሽ አይቀልምም።

አንድ ይበቃል፦ ማውስኢንተር ወደ ላይ አይወጣማ! ማውስኦቨር ነው የተባልከው።