ለዶሮ ወጥና ለጥብስ የሚሆን የሱፐርማርኬት ወይን

ጥያቄ፦ ለእሁድ ምሳ ዶሮ ወጥና የበግ ጥብስ አለ። ከውጭ የገባ ውድ ጠርሙስ ሳይሆን እዚሁ አገር የተጠመቀ ወይን ነው የምፈልገው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቀይ ይበቃል?

መልስ 1፦ አይበቃም። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቀይ ወይን ውስጥ ያለው፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒንም ከበርበሬ ጋር መራራ ይሆናል። ለዶሮ ወጡ አካሺያ ቀይ ይግዙ፤ ግን «ሚዲየም ስዊት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን፤ ጣፋጩ ቃጠሎውን ያለዝበዋል። ለጥብሱ ሪፍት ቫሊ ሲራህ፣ ድራይ ቀይ ነው። የበግ ስብና ጨው ታኒኑን ያለሰልሱታል፤ ቃሪያው ከበዛ ግን ያው የወጡ ችግር ይመጣል።

ጠያቂ፦ አክሱሚት የሚባለው ጣፋጭ ቀይ ወይንስ?

መልስ 1፦ ከምግብ ጋር ጣፋጭነቱ ይበዛል። ከምሳ በኋላ ቀዝቀዝ አድርጎ በትንሽ ብርጭቆ።

መልስ 2፦ ሙቀቱን አይርሱ። ቀዩ ከ16–18 ዲግሪ ሲሆን ነው ጥሩ፤ ቤቱ ሞቃት ከሆነ ከመቅረቡ በፊት 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል። ለዓሣ ጥብስ ከሎሚ ጋር ከሆነ ቻርዶኔይ (ነጭ ወይን)፣ 2 ሰዓት ያህል ቀዝቅዞ።

መልስ 3፦ ሲገዙ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ሲመታው የቆየውን ይለፉት። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ካለ ወይም አንገቱ ላይ የፈሰሰ ምልክት ካለ፣ ሙቀት ነክቶታል። የተረፈውን፣ ቀዩንም ቢሆን፣ ከድነው ፍሪጅ ያስገቡ፤ 3 ቀን ገደማ ይቆያል። ከዚያ መኮምጠጥ ይጀምራል፤ ያኔም ለሥጋ መዘፍዘፊያ ይሆናል።