የጎመኗ የእሳት እራት ክንፍ ላይ ያለው ነገር ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን እንተክላለን። ቅጠሉን ነካ ሲያደርጉት ብር ብላ የምትነሳ ትንሽዬ ቢራቢሮ መሳይ አለች። እናቴ «ብል» ትላታለች፣ ጎረቤታችን ደግሞ «የእሳት እራት» ይሏታል። የማንን እንያዝ? ጀርባዋ ላይ ያለውንስ ምልክት በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጎረቤታችሁን ያዝ። ብል የልብስ ጠላት ነው። እናትህም ግን ከመሬት ተነስተው አላሉም፤ ልብስ የሚበላው ብል ራሱ የአንዲት ትንሽ የእሳት እራት ትል ነው።

«የእሳት እራት» እንዴት ያለ ስም ነው! ምሳ አላሉትም፣ ቁርስ አላሉትም። መሽቶ ኩራዝ ሲበራ መጥቶ ስለሚማገድ እራት ሆነ። ከዚያ ስሙ ወደ ሰው ተሻገረ። በገዛ እግሩ ለገባው «የእሳት እራት ሆነ» እንላለን። «ልጆቻችንን የእሳት እራት አደረጓቸው» ሲባል ግን ማጋጁ ሌላ ነው፤ እናት በጦርነት ላለቁ ልጆቿ የምትለው ይህን ነው። በ«ሆነ» እና በ«አደረጉት» መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ወደ ጎመኗ እንመለስ። በሳይንስ ስሟ ፕሉቴላ ዛይሎስቴላ ትባላለች፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 መዝግቧታል። ክንፏ ተዘርግቶ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ፈረንጆቹ በአልማዝ ሰይመዋታል። ቅጠል ላይ ስታርፍ ጠጋ ብለህ እያት። በእያንዳንዱ የፊት ክንፍ ጠርዝ ላይ ወጣ ገባ እያለ የሚሄድ ነጣ ያለ መስመር አለ። ክንፏን ስትሰበስብ የግራውና የቀኙ መስመር ይገጥምና ጀርባዋ ላይ አልማዝ መሳይ ቅርጽ ይደረደራል። በሴቷ ላይ ምልክቱ ደብዘዝ ይላል።

ታዲያ ምን እንበለው? ነጠብጣብ የተራራቀ ነገር ነው፣ አይሆንም። ጠቃጠቆ ለፊት፣ ዝንጉርጉር ለነብር ይሁን። እኔ «ጥለት» ነው የምለው። ጥለት ቦታው ጠርዝ ላይ ነው። ጥልፍ በኋላ በመርፌ ይጨመራል፤ ጥለት ግን ከነጠላው ጋር አብሮ ይሸመናል፣ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማኔ መጠየቅ ነው። ለቀረው ግራጫና ቡኒ ገላዋ «ገብስማ» አለልህ፣ የዶሮና የሽበት ቃል። «ገብስማ ክንፍ፣ ነጭ ጥለት» ብትል ማንም ይገባዋል።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ ጣት ላይ እንደ ዱቄት የሚቀር ነገር እንዴት ጥለት ይባላል? የተሸመነ ነገር በንክኪ አይለቅም እኮ።

መልስ፦ ጥሩ አነሳሽ እህቴ። ዱቄት የሚመስለው እጅግ ደቃቅ ቅርፊት ነው። የክንፉ መልክ የሚወጣው ከቅርፊቶቹ ነው፤ አንዱ ነጣ፣ አንዱ ጠቆር እያለ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። አንዴ ከተራገፉ ተመልሰው አይበቅሉም። እዚህ ላይ «ለቀቀ» የሚለው የቀለም ቃል አይስማማኝም። «ጥለቷ ረገፈ» ይሻላል።