ሶጎሎንን እንመናት ወይስ አንመናት?

ማታ አንባቢ፦ እስኪ አንድ ሰው ያስረዳኝ። ደራሲው ማርሎን ጄምስ በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው «ጥቁር ነብር፣ ቀይ ተኩላ» የተባለ ልብ ወለድ ላይ ትራከር የሚባል እስረኛ ታሪኩን ለመርማሪ ያወራል። በእሱ አፍ ሶጎሎን ተንኮለኛ ጠንቋይ ናት። በ2022 ሁለተኛው ቅጽ ወጣ። ያንኑ ታሪክ 177 ዓመት የኖረችው ሶጎሎን ራሷ ትተርከዋለች። ሰዉ ሁሉ «በቃ፣ እውነቱ ወጣ» አለ። እኔ ግን እሷንም አላመንኳትም። ጥፋቴ ምንድን ነው?

የአራዳ ልጅ፦ ጥፋትሽማ እሱን ያልጠየቅሽውን ማስረጃ እሷን መጠየቅሽ ነው። ያን ሁሉ ገጽ ሲቀድልን ዝም ብለን ሰማን። እሷ አፏን ስትከፍት «ማስረጃሽ የታል?» ተባለች።

ማታ አንባቢ፦ ኧረ እሱንም አላመንኩትም! ትራከር ገና ሲጀምር ያ ሲፈለግ የነበረው ልጅ ሞቷል፣ ሊታወቅ የቀረ ነገር የለም ይላል። ከዚያ ማቆሚያ የለውም።

ሁለተኛ ቡና፦ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ወንድሞቿ ኩይሳ ውስጥ ያስሯታል። ስም እንኳ አላወጡላትም፣ የእናቷን ስም ነው የወሰደችው። ከዚያም መከራ በመከራ ላይ። ሴት ጉልበት እንዲኖራት የግድ መደብደብ አለባት? ለዚያውም ጸሐፊው ወንድ ነው።

የአራዳ ልጅ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ግን ስሙን ከየት እንዳመጣው እይ። በማሊው የሱንዲያታ ታሪክ የጀግናው እናት ሶጎሎን ናት። እዚያ ግሪዮቶች፣ እንደኛ አዝማሪ በላቸው፣ ስለ እሷ ይዘፍናሉ። እዚህ ራሷ ታወራለች።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ የእኛዋን ዮዲትን ረሳችኋት? አክሱምን አቃጠለች ሲባል ነው ያደግነው። የነገሩን እነማን ናቸው? ተቃጠለብን የሚሉት። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሐውቀል የሚባል አረብ ሐበሻን ንጉሡን የገደለች ሴት እንደምትገዛ ጽፏል። እሷ ግን አንዲት መስመር አልተወችልንም። ብትተውልን ጓጉቼ አነባት ነበር። አምናት ነበር ማለቴ ግን አይደለም።

ማታ አንባቢ፦ ይኸውላችሁ! ጋሼ የእኔን ነገር ጨረሱልኝ። መስማት ሌላ፣ ማመን ሌላ። ትራከር መዋሸት ከቻለ እሷ ለምን አትችልም? «እውነተኛዋ ምስክር» ስንላት ታቦት አደረግናት እኮ። ለእኔ ኃይሏ ያ በአስማቷ የምታስነሳው፣ ሰውን የሚያሽቀነጥር ነፋስ አይደለም። መርማሪ ፊት ተቀምጣ የፈለገችውን ትናገራለች፣ ያልፈለገችውን ትዘላለች። እሱ ነው ኃይሏ።

ሁለተኛ ቡና፦ ቆይ፣ ኤሲን የት ጣልሽው? ያ የንጉሡ ሹም እኮ የሰውን ትዝታ እየደመሰሰ የሚሄድ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በሚገዛበት አገር አንዲት አሮጊት አንድ ነገር ብትስት «ዋሸች» ትያታለሽ? ወይስ «ዘለለች»?

ማታ አንባቢ፦ ኧረ ይቺ ከበደችኝ። የኤሲን ምዕራፎች ደግሜ ላንብብና እመለሳለሁ። የአራዳ ልጅ፣ መጽሐፌ አንተ ጋ ነው፤ መልስልኝ።