የጥፍር ፈንገስ ቅብ ቆዳዬን አቀላው
የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ከጫፉ ቢጫ ሆኖ ወፍሯል፤ ከሥሩ በኩል ግን ገና ጤነኛ ነው። በናሙና ፈንገስ መሆኑ ተረጋግጦ አሞሮልፊን 5% የሚባል፣ እንደ ጥፍር ቀለም የሚቀባ መድኃኒት ታዘዘልኝ። በሳምንት አንድ ቀን ጥፍሩን በሞረድ እፍቃለሁ፣ በአልኮል ጠርጌ እቀባለሁ። ሞረዱን ጤነኛ ጥፍር አላስነካውም። ሦስት ወር ሆኖኛል። ለእግር ጥፍር ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል ስለተባልኩ መዘግየቱ አላሳሰበኝም፤ የእግር ጥፍር እንደሆነ ለማደግ አይቸኩልም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባለፉት ሁለት ጊዜያት ከተቀባሁ በኋላ በጥፍሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ ቀልቶ አሳከከኝ። ምናልባት ወደ ቆዳው እየፈሰሰብኝ ይሆናል፣ እጄ ትንሽ ይከብዳል። አልቆሰለም፣ አላበጠም። ስኳር የለብኝም። ቆዳው እስኪድን መቀባቱን ላቁም ወይስ ጠርዙን እየተውኩ ልቀጥል?