ክርክር፦ በካዋቤ ወንዝ ላይ የታቀደው ግድብ ይሠራ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦
ዛሬ የምንከራከርበት ጉዳይ በደቡብ ምዕራብ ጃፓን፣ በክዩሹ ደሴት፣ በኩማሞቶ ክፍለ ሀገር የሚፈሰውን የካዋቤ ወንዝ ይመለከታል። ካዋቤ የኩማ ወንዝ ትልቁ ገባር ሲሆን፣ በተራሮች መካከል ያለችውን የኢትሱኪን መንደር አቋርጦ፣ የሳጋራን መንደር አልፎ ከሂቶዮሺ ከተማ በላይ ከኩማ ጋር ይቀላቀላል። በ1965 ሂቶዮሺ በጎርፍ ከተመታች በኋላ በቀጣዩ ዓመት የግድቡ ዕቅድ ይፋ ሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2008 የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ ኢኩኦ ካባሺማ ዕቅዱን ተቃወሙ፤ በ2009 ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት ሊያቆመው ወሰነ። ጁላይ 4 ቀን 2020 በደረሰው ከባድ ጎርፍ በኩማ ተፋሰስ 50 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ እኚሁ አስተዳዳሪ ሐሳባቸውን ለውጠው፣ በአዘቦት ቀን ውኃ የማያቁር ግድብ እንዲሠራ ጠየቁ። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ግድብ ይሠራ ወይስ ይቅር የሚል ነው። የዓባይን ጉዳይ እዚህ እንዳታመጡት አደራ እላለሁ፤ ይህኛው ግድብ መብራት የሚያመነጭ አይደለም፣ ሁለት አገሮችንም አያገናኝም።

መሐንዲሱ፦
እኔ ይሠራ ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም መልክዓ ምድሩ ነው። ኩማ በጃፓን በፍጥነታቸው ከሚታወቁት ሦስት ወንዞች አንዱ ነው። በሂቶዮሺ ዙሪያ ያለው ምድር እንደ ሣህን የጎደጎደ ሲሆን፣ ውኃው ከዚያ የሚወጣው ተራሮች ግራና ቀኝ በሚያጠብቡት አንድ ጠባብ ሸለቆ ብቻ ነው። በላይኛው ተፋሰስ ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውኃው መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይተኛል። የግንብ መከላከያውን ከፍ ማድረግ ከተማዋን ከወንዙ ይለያታል፤ ወንዙን መቆፈርም የራሱ ጉዳት አለው። የመሬትና የትራንስፖርት ሚኒስቴር በሠራው ግምት መሠረት፣ ግድቡ በ2020 ቢኖር ኖሮ በሂቶዮሺ በጎርፍ የተሸፈነው ቦታ በ60 በመቶ ገደማ ይቀንስ ነበር። በዚያ ቀን በኩማ መንደር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ብቻ 14 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። አልጋቸው ላይ ሆነው ውኃው ከፍ እያለ ሲመጣ መሸሽ ላልቻሉ ሰዎች «ከወንዝ ጋር ተስማምቶ መኖር» የሚለው አባባል ምን መልስ ይሆናል?

የወንዝ ልጅ፦
ወንድማችን መሐንዲሱ ያነሣው ሐዘን የሁላችንም ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ላይ አልስማማም። የግድቡ ተቃዋሚዎች በሂቶዮሺ የሟቾችን ቤት ለቤት አጣርተው እንደሚከራከሩት፣ ብዙዎቹ የሞቱት ዋናው ወንዝ ከፍታው ላይ ከመድረሱ በፊት፣ በከተማው ውስጥ የሚያልፉት ትናንሽ ገባሮች ሞልተው በፈሰሱበት ሰዓት ነው። ይህ እውነት ከሆነ በካዋቤ ላይ የሚሠራ ግድብ ለእነዚያ ሰዎች አይደርስላቸውም ነበር።

ከዚህ በተረፈ ስለ ዓሣው ልናገር። አዩ የሚባለው ዓሣ ዕድሜው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በመከር ወራት በወንዙ ታችኛው ክፍል ይፈለፈላል፣ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ በጸደይ ደግሞ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ምግቡ በድንጋይ ላይ የሚበቅለው አልጌ የሚባል ጥቃቅን የውኃ ዕፅ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዓሣ ጥሩ ድንጋይ ይይዝና ሌላውን ሁሉ እየገፋ ያባርራል። አጥማጆቹም ይህን ጠባዩን ያውቃሉና በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሕያው አዩ አስረው ወደ ድንጋዩ ይሰዱታል፤ ባለቤቱ ሊያባርረው ሲመጣ መንጠቆው ይይዘዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ድንጋዩ ንጹሕ ሲሆን ነው። ደለል የለበሰ ድንጋይ አልጌው ቢኖርበት እንኳ ዓሣው አይፈልገውም። 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ አዩ የሚገኝበት የኩማ ወንዝ ንጹሕ ውኃ የሚያገኘው በዋናነት ከካዋቤ ነው። የወንዙ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር በ2001 ለካሣ የቀረበለትን ገንዘብ በድምፅ አልቀበልም ያለው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ እንጀራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በችኮላ አይወስንም።

መሐንዲሱ፦
ይህ ፍርሃት ውኃ ለሚያቁር ግድብ ተገቢ ነው። አሁን የታሰበው ግን 107.5 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከሥሩ ወንዙ ባለበት ደረጃ መውጫ ያለው ግድብ ነው። በአዘቦት ቀን ወንዙ፣ ጠጠሩም ዓሣውም ጭምር፣ በዚያ ያልፋል። በሺማኔ ክፍለ ሀገር የማሱዳ ወንዝ ግድብ ከ2006 ጀምሮ በዚህ ዓይነት እየሠራ ነው፤ በዚያው በኩማሞቶም የታቴኖ ግድብ በ2024 ሥራ ጀምሯል።

የታሪክ መምህርት፦
እስካሁን ስለ ውኃውና ስለ ዓሣው ተነጋገርን፤ ስለ ኢትሱኪ ሰዎች ግን ማንም አላነሣም። ይህች መንደር በመላው ጃፓን የምትታወቀው በአንድ የእሽሩሩ ዜማ ነው። ዜማውን ያወጡት እናቶች ሳይሆኑ በድህነት ምክንያት የሌላ ሰው ልጅ ለማዘል ወደ ባለጠጋ ቤት የተላኩ ልጃገረዶች ናቸው። በተራራው ገደል ላይ ጫካ መንጥረው፣ አቃጥለው፣ እህልና ጥራጥሬ የሚዘሩ ሰዎች አገር ነበረች። ዕቅዱ በ1966 ሲመጣ መንደርተኛው ተቃወመ፤ ፍርድ ቤትም ሄደ። በኋላ «ለታችኞቹ ወገኖቻችን ሕይወት» ተብሎ ተስማማ፤ ከወንዙ ዳር ያለው ቀዬ ፈርሶ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባወራዎች ተነሡ፤ ግማሹ ወደ ላይኛው አዲስ ሠፈር፣ ግማሹ ጨርሶ ወደ ሌላ አካባቢ ሄደ። በ1960 ከ6,000 በላይ የነበረው ሕዝብ ዛሬ 1,000 ገደማ ነው። በእርግጥ የጃፓን የተራራ መንደሮች ሁሉ ሰው እያጡ ነው፤ የእንጨቱ ንግድም ወድቋል፤ ሁሉንም በግድቡ ላይ ማላከክ ትክክል አይሆንም። ግን ሰዎቹ ለግድብ ብለው ቤታቸውን ከለቀቁ በኋላ በ2009 ግድቡ ቀረ ተባሉ። ይህን ሰምተው በተለቀቀው ሜዳ ላይ የእንግዳ ማረፊያና መናፈሻ ሠሩ። አሁን ደግሞ ያ ሜዳ በጎርፍ ቀን ሐይቅ ይሆናል እየተባሉ ነው። በ2024 የመንደሩ ከንቲባ ግድቡን እንደሚቀበሉ አስታወቁ፤ ይህ ስምምነት ነው ወይስ ስልሳ ዓመት ያደከመው ሕዝብ እጁን መስጠቱ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

የወንዝ ልጅ፦
እኅታችን ያነሣችው ነገር ከእኔ የዓሣ ክርክር ይበልጣል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዚያው በኩማ ወንዝ በታችኛው ክፍል የነበረው የአራሴ ግድብ ከ2012 እስከ 2018 ፈርሷል፤ በጃፓን አንድ ግድብ ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ የመጀመሪያው ነው። እዚያ የፈጠነ ውኃና ጠጠር ተመልሷል። ታች ግድብ አፍርሶ ላይ ደግሞ ከእርሱ የሚረዝም መሥራት እንዴት ይታረቃል? ለመሐንዲሱም ጥያቄ አለኝ፤ አዲሱ ግድብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለደኅንነት ሲባል አንድ ጊዜ እስከ አፉ ተሞልቶ መፈተሽ አለበት አይደል?

መሐንዲሱ፦
አዎን፣ የሙከራ ሙሌት አለ። በዚያ ጊዜ ሸለቆው ለተወሰኑ ሳምንታት ውኃ ይተኛበታል፤ ዛፎች ይጎዳሉ፣ ደለልም ይቀራል። ይህን መካድ አልችልም፤ ሙሌቱ አዩ በማይወጣበት ወቅት እንዲሆን በውል መታሰር አለበት ባይ ነኝ። ግድቡ ግን ይሠራ የሚለውን አቋሜን አልቀይርም፤ ዝናቡ እየበረታ ሄዷልና።

የታሪክ መምህርት፦
እንግዲያው ውሉ ውስጥ ሜዳው ላይ ማረፊያ የሠሩት ሰዎችም ይግቡበት። በእያንዳንዱ ጎርፍ ማግስት ደለሉን የሚጠርገው ማን እንደሆነ፣ በማን ገንዘብ እንደሚጠርግ፣ በስንት ቀን እንደሚጨርስ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስፈር። ይህ እስካልሆነ ድረስ ድምፄ «ይቅር» ከሚሉት ጋር ነው።