የጨረቃ መውጫ ሰንጠረዥ ላይ እርዳታ እሻለሁ

ለአዲስ አበባ የአንድ ወር የጨረቃ መውጫና መግቢያ ሰንጠረዥ እያዘጋጀሁ ሳለ ሁለት ነገር ስላስቸገረኝ፣ የምታውቁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች፤ ልዩነቱ ግን አንዳንድ ቀን ከ45 ያንሳል፣ አንዳንድ ቀን ከ55 ይበልጣል። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ለምንርቅ ለእኛ ይህን ይበልጥ የሚወስነው የምሕዋሯ ሞላላነት ነው ወይስ የመንገዷ ማዘንበል?

ይበልጥ ያስቸገረኝ ሁለተኛው ነው። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስጀምር፣ ግማሽ ጨረቃ ሆና በምትጎድልበት ሰሞን የመውጫው ዓምድ አንድ ቀን ባዶ ይቀራል፤ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ስጀምር ደግሞ ባዶው ጨረቃ ወደምትወለድበት ሰሞን ይዛወራል። ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል በመሆኑ ባዶውን ቦታ አይቶ የኅትመት ስህተት ነው የሚል አይጠፋም፤ የትኛውን መነሻ ብወስድ ይሻላል ትላላችሁ?